ጋሽ አዴሎ እና ጨው የሌለው ፓስታ

ጋሽ አዴሎ ማረፋቸውን የነገረችኝ ልጃቸው ማርታ ናት። ስልኩን ሳነሳ መጀመሪያ የሚሰማኝ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ቆይታ፣ «ፀሐይ፣ አባዬ ሄደ» አለችኝ። እኔ ሐዋሳ፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ ነበርኩ። ማልቀስ ሲገባኝ ከአፌ የወጣው «ምሳ በልተው ነበር?» የሚል ጥያቄ ነው። ሰው ሞተ ሲባል እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። ማርታ ግን አልተቀየመችኝም። «በልቷል። ጎረቤት አስጠርቶ ነው የበላው» አለችኝና ያኔ ሁለታችንም አለቀስን።

ጋሽ አዴሎን የሚያውቅ ሰው በጥያቄዬ አይገረምም። እኔን ራሴን የተዋወቁኝ በምሳ ነው።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነበር። ከደሴ ተነስቼ ቦንጋ በአስተማሪነት ተመደብኩ። ከጅማ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ጭቃ ውስጥ እየተገፋ፣ እየተጎተተ ሲደርስ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ቦንጋ ዘነበ ማለት ወሬ አይደለም፤ እኔ ግን ያኔ አላውቅምና የሚያባራ መስሎኝ መናኸሪያው ጥግ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ጥቁር ባርኔጣ ያደረጉ ቀጭን ሰው የእንሰት ቅጠል እንደ ጃንጥላ ይዘው መጡና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አዲሷ መምህርት አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ምሳ በልተሻል?»

«አልበላሁም።»

ሌላ ነገር ሳይሉ ሻንጣዬን ተሸክመው ቀደሙኝ። ስሜን የጠየቁኝ ከምሳ በኋላ ነው።

የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። የተወለዱት እዚያው አካባቢ፣ ዋጫ የምትባል ከተማ አጠገብ ነው። ሚስታቸው ማርታን ገና ሕፃን ሳለች ትተውላቸው አርፈዋል፤ ጋሽ አዴሎም ሌላ ሳያገቡ ልጃቸውን ብቻቸውን አሳደጉ። ግቢያቸው ውስጥ ካለችው ጓዳ መሰል ቤት ተከራይ ሆኜ ገባሁና ሳላውቀው የቤቱ ልጅ ሆንኩ። ማርታ ያኔ ተማሪ ነበረች። ጸጉሯን የምሠራላት እኔ፣ የምታኮርፈኝም እኔን። እንደ እህትማማች አደግን ብል ማጋነን አይሆንም፤ እኔም በዚያ ቤት ነው ያደግሁት።

ጋሽ አዴሎ ሰው ብቻውን ሲበላ ማየት አይችሉም ነበር። «ብቻ መብላት ሆድ ይሞላል እንጂ ሰው አያጠግብም» ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ ከሰሜን የተመደበ የግብርና ባለሙያ መጣ። ኩሩ ነው ብለው የከተማው ሰዎች ሸሹት፤ እሱም ምግብ ቤት ሲገባ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር የሚበላው። ጋሽ አዴሎ ከክፍል ሲወጡ እዚያ ሄደው ከፊቱ፣ በሰውየውና በግድግዳው መካከል፣ ወንበር አስገብተው ይቀመጡ ጀመር። አያናግሩትም። ሳህናቸውን ይጨርሳሉ፤ «ያጥግብህ» ይሉና ይወጣሉ። ሰውየው መጀመሪያ ተናደደ፤ ቀጥሎ ግራ ገባው፤ በመጨረሻ አንድ ቀን ስንገባ ወንበሩን ወደ ሰዉ አዙሮ፣ ከጎኑ ባዶ ወንበር አስቀምጦ ሲጠብቃቸው አገኘነው።

እንዲህ ስል ግን ማር ብቻ የነበሩ እንዳይመስል። ደረቅ ነበሩ። ቃል ከወጣቸው በኋላ ዓለም ቢገለበጥ አይመልሱትም። ከርዕሰ መምህሩ ጋር በአንድ ዛፍ መቆረጥ ተጣልተው «በዚህ በር አልገባም» ስላሉ፣ ዓመቱን ሙሉ በጓሮ በኩል ጭቃውን እየተሻገሩ ነው ክፍል የገቡት። ከባድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ባርኔጣዋ ከወለቀች እኔና ማርታ እንተያያለን። ደግሞም አማርኛቸው ያማረ ቢሆንም አፋቸውን የፈቱበት ቋንቋ አይደለምና፣ ሲቆጡ ወንድና ሴቱ ይደባለቅባቸዋል። ማርታን «አንተ»፣ ርዕሰ መምህሩን «አንቺ» ይላሉ። ርዕሰ መምህሩን «አንቺ» ያሉ ቀን መምህራን ክፍል ውስጥ የነበርነው በሙሉ ሳቃችንን ለመደበቅ ጠመኔ ፍለጋ ወጣን።

ማርታ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ አዲስ አበባ ሥራ ያዘች። ከሚሌኒየሙ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሞባይል ቦንጋ የገባ ሰሞን፣ ኔትወርክ የሚገኘው ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነበር። ጋሽ አዴሎ ከልጃቸው ጋር ለማውራት እዚያ ይወጣሉ። አንድ ቀን ከዚያ ሲወርዱ ባርኔጣዋን በእጃቸው ይዘዋታል።

«ምን ተፈጠረ?» አልኳቸው።

«ሰው አግኝታለች።»

«እሰይ! ኤርምያስን ነው? ነግራኛለች እኮ፤ ኢንጂነሩን።»

«ልጁን አልጠላሁም። ቤተሰቦቹ ግን ሊጠይቁኝ ይፈልጋሉ አለች።»

«ታዲያ ይምጡ፤ እናስተናግዳለን።»

«አይመጡም። እኔ ነኝ የምሄደው። ጣሊያን ምግብ ቤት ምሳ ጋብዘውኛል።» ባርኔጣዋን አገላብጠው አዩአት። «ፓስታ ለመብላት አዲስ አበባ! ፓስታማ እዚሁ ሺሺንዳም አለ።»

ነገሩ የፓስታ እንዳልሆነ ገብቶኛል። በእኛ አገር ሴት ልጅ የምትጠየቀው በአባቷ ደጅ ነው። ሽማግሌ ይመጣል፤ ደጅ ላይ ይቆማል፤ ተቀመጡ እስኪባል አይቀመጥም። የልጅቷ አባት ተጠርቶ ሄዶ፣ ሳህን ፊት ተቀምጦ ልጅህን ስጠን ሲባል ተሰምቶ አይታወቅም። ማርታ ግን በስልክ ለምናቸዋለች። እሷን እምቢ ማለት አይችሉበትም።

«እሄዳለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አንቺም ትመጫለሽ። ሴት የሌለችበት የልጅ ነገር ጨው የሌለው ወጥ ነው። በእናቷ ቦታ ትቀመጫለሽ።»

«ጋሼ፣ እኔ እናቷን አክላለሁ?»

«ታላቅ እህቷን ታክያለሽ። በቂ ነው።»

አውቶቡሱ ውስጥ ሐሳባቸውን ነገሩኝ። የሠርጋቸውን ኮት ለብሰዋል፤ ጭናቸው ላይ ወንድማቸው ከማንኪራ ጫካ የላኩላቸውን ማር በጣሳ ይዘዋል። «እበላለሁ፤ አመሰግናለሁ። ልጄን ግን እዚያ አልሰጥም። የፈለገ ደጄ ይምጣ።»

«ጊዜው ተለውጧል እኮ፣ ጋሼ።»

በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። «ጊዜው ቢለወጥ መንገዱም ይለወጥ ነበር። ያው ጭቃ ነው።»

ምግብ ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ፣ ጠጠር የፈሰሰበት ግቢና አበባ ያለው ትልቅ ቪላ ነበር። ጠረጴዛዎቹ ነጭ ልብስ ለብሰዋል፤ ናፕኪኑ እንደ ጳጳስ ቆብ ቆሟል፤ ጥቁር ሰደርያ ያደረጉ አስተናጋጆች ድምፅ ሳያሰሙ ይሄዳሉ። ሰዉ ሁሉ የሚያወራው በሹክሹክታ ነው። እኔ በበኩሌ ጫማዬ ላይ የቀረ የቦንጋ ጭቃ ያለ መስሎኝ ወለሉን እያየሁ ነበር የተራመድኩት። ማርታ ከበሩ ጀምራ የአባቷን ኮሌታ ታቃናለች። «አባዬ፣ ሹካውን በግራ፤ ናፕኪኑን ጭንህ ላይ» ስትላቸው፣ «ልጄ፣ ልበላ ነው የመጣሁት፣ ልፈተን ነው?» አሏት።

ኤርምያስና እናት አባቱ ቆመው ተቀበሉን። እናትየው ወይዘሮ የሺ ቁመናቸው ያማረ፣ ፈጠን ፈጠን የሚሉ ሴት ነበሩ፤ ለሁላችንም ቦታ ያደሉን እሳቸው ናቸው። አባትየው አቶ በላቸው ትልቅ አጥንት ያላቸው ሰው ነበሩ፤ ኮታቸው ግን ሰፍቷቸዋል። እጃችንን ጨብጠው ወዲያው ተቀመጡ። ከእነሱ ጋር ለሽምግልና የመጡ አንድ አዛውንት ዘመዳቸው ነበሩ።

ጋሽ አዴሎ የማሩን ጣሳ ነጩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ቀጥሎ ሜኑ መጣ። ማርታ ልትረዳቸው ጎንበስ ስትል ከለከሏትና መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ፊታቸው ቀስ በቀስ በራ።

«ቦሎኛ… ናፖሊ… ሚላኖ… ሮማ» እያሉ በጣታቸው ወረዱበት። «ይሄ ሜኑ ነው አትላስ? አገሩን በሙሉ ዘርዝረውታል!»

አስተናጋጁ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ምን ይምጣልዎት አባቴ?» አላቸው።

«እስቲ ከቦሎኛ አምጣልኝ። ናፖሊ ባሕር ዳርቻ ነው፤ ይሞቃል።»

ወይዘሮ የሺ እንኳ ሳቁ። ማርታም ትከሻዋ ላላ። ዳቦው መጣ፣ የወይራ ዘይቱ መጣ፣ ሰላጣው መጣ፤ ወሬው ጥሩ ነበር። ጋሽ አዴሎ የጣሊያንን ተራሮች ለኤርምያስ በሹካቸው ጠረጴዛው ልብስ ላይ ሳሉለት። እኔም በቃ ባርኔጣዋ አትወልቅም ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

ዋናው ምግብ ሲመጣ አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ተነሱ። «እንግዲህ» አሉ፣ «ዛሬ የተሰበሰብነው ለምግብ ብቻ አይደለም። ልጃችን ልጃችሁን…»

ጋሽ አዴሎ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ማርታ አየችኝ። እኔም አየኋት።

«ይቅርታ፣ አባቴ፤ ይቀመጡ» አሉ ጋሽ አዴሎ ቀስ ብለው። «ምግባችሁን በልቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጁም ጨዋ ነው። ነገር ግን ልጄ ምግብ ቤት ውስጥ አልተወለደችም፤ ምግብ ቤት ውስጥም አትጠየቅም። እናቷ ያረፈችው ቦንጋ ነው። ደጄም ቦንጋ ነው። የፈለጋት ደጄን ያንኳኳ።»

ወይዘሮ የሺ ናፕኪናቸውን አጣጠፉ።

«አቶ አዴሎ፣ መንገዱን እርስዎም ያውቁታል» አሉ። ድምፃቸው ቀዝቅዟል። «ባሕሉን ንቀን አይደለም። ግን ዘመኑ…»

«በዚያ መንገድ ነው የመጣሁት፣ እመቤቴ።»

ድምፃቸው ከፍ ማለት ሲጀምር ፈራሁ። የፈራሁት ጠቡን ብቻ አይደለም፤ ወይዘሮ የሺን «አንተ» እንዳይሏቸውም ጭምር ነው። ግን ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ማርታ ወንበሯን ገፍታ ተነሳችና ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች። ተከተልኳት።

መስታወቱ ፊት ቆማ ታለቅሳለች። «አዋረደኝ፣ ፀሐይ። ለአንድ ቀን፣ ለዛሬ ብቻ፣ እንደ ሰው አባት መሆን አቃተው?»

«ክብርሽን ፈልገው ነው» አልኳት።

«የኔን ነው የራሱን?»

ፊቷን አጠብኩላት። ቆይተን ስንመለስ የሁለቱ አባቶች ወንበር ባዶ ነበር። የጋሽ አዴሎ ሳህን ግማሹ ተበልቷል። የአቶ በላቸው ሳህን ግን እንደመጣ ነው፤ ሥጋው ላይ ስቡ ረግቷል። አዛውንቱና ኤርምያስ አንገታቸውን ደፍተዋል። ወይዘሮ የሺ በመስኮቱ መስታወት ወደ ግቢው ያያሉ። እኛም አየን።

አቶ በላቸው አበባው አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ አዴሎ፣ በሠርጋቸው ኮት፣ ጠጠሩ ላይ ተንበርክከው የሰውየውን የጫማ ክር እየፈቱ ነው። እግሩ እንደ ሊጥ ከጫማው በላይ ተነፍቷል። አስተናጋጆቹ ቆመው ያያሉ።

ኋላ አውቶቡስ ውስጥ እንደነገሩኝ፣ ጋሽ አዴሎ ከመጀመሪያው ጀምሮ ልብ ብለዋል። አቶ በላቸው ሥጋውን ይቆርጣሉ፤ ከቦታ ቦታ ያዛውራሉ፤ ሹካው ግን አፋቸው አይደርስም። ማርታና እኔ እንደወጣን ሰውየው አየር ልቀበል ብለው ሲነሱ አረማመዳቸውን አይተው ተከተሏቸው። «ምነው አልበሉም?» አሏቸው። «በልቻለሁ» አሏቸው። «አልበሉም። እኔ ሰው ሲበላና ሲያስመስል አውቃለሁ» ሲሏቸው ነው አቶ በላቸው የተቀመጡት።

ወይዘሮ የሺ ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳይመልሱ ተናገሩ። «ኩላሊቱን ነው። ዓመት ሊሆነው ነው። ቤታችን ልንጠራችሁ ነበር፤ አልጋው ሳሎን ነው ያለው። መድኃኒቱ፣ ሽታው… ከዚህ ቤት ማን ልጁን ያገባል ብዬ ነው። ይኸን ምግብ ቤት የመረጥኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ብቻ ደህና ሰው ምሰልልኝ ብዬ ለምኜው ነው ያንን ጫማ ያደረገው።»

ማርታ ወደ ኤርምያስ ዞረች። «እኔንም ደበቅከኝ?»

«እማዬ አስምላኝ ነው» አለ። አንገቱን አላቀናም።

ማርታ ወደ ወይዘሮ የሺ ሄዳ ከጎናቸው ቆመች። እጃቸውን ያዘች ወይስ እሳቸው ያዟት፣ አላየሁም።

ሁለቱ አባቶች ተደጋግፈው ተመለሱ። የአቶ በላቸው ጫማ ክሩ ተፈትቶ ወለሉ ላይ ይጎተታል። ጋሽ አዴሎ አስተናጋጁን ጠሩት። «ልጄ፣ ፓስታ ፈልገን ነበር። ጨው የሌለው፣ ዘይት የሌለው፣ ምንም የሌለው። ለእሱና ለኔ።»

«ባዶ ፓስታ ነው፣ አባቴ?»

«ባዶ።»

አስተናጋጁ ሄደና ወጥ ቤት ኃላፊው ራሳቸው ነጭ ቆባቸውን እንዳደረጉ መጡ። «ምግቡ ላይ ጥፋት ተገኘ?» ብለው ተጨነቁ። ጋሽ አዴሎ ተነስተው ጆሯቸው ላይ አንድ ነገር ነገሯቸው። ሰውየው አቶ በላቸውን አየት አድርገው፣ «እኔው እሠራዋለሁ» ብለው ተመለሱ።

ፓስታው መጣ፤ ወርቃማ ጠርዝ ባለው ሳህን ላይ እንደ ነጭ ክር ተጠቅልሎ። ጋሽ አዴሎ ከቦሎኛ ያስመጡትን ወደ ጎን ገፍተው ሹካቸውን አነሱ። አቶ በላቸውም አነሱ።

«እንዴት ነው?» አሉ ጋሽ አዴሎ ሲውጡ።

«ወረቀት ወረቀት ይላል።»

«የኔም። አንተ ይኸን ነው ዓመቱን ሙሉ የምትበላው?»

«ብቻዬን። እነሱ ወጥ ሲበሉ እኔ እዚያ ማዶ።»

«አንተ» መባባል መጀመራቸውን ያስተዋልኩት ያኔ ነው። አቶ በላቸው ሳቁ፤ ከገባን ጀምሮ ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነበር። ሳህናቸውን ጨረሱ። ወይዘሮ የሺ ባላቸው ሲበሉ እያዩ እንባቸውን በዚያ እንደ ቆብ በታጠፈ ናፕኪን ጠረጉ። በዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ ያን ቀን ከእኛ ጠረጴዛ የባሰ ድሃ ምግብ የበላ የለም፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ እንደዚያ ያለ ግብዣ አላየሁም።

ጋሽ አዴሎ ግን ጋሽ አዴሎ ናቸው። ስንሰነባበት፣ «ቃሌ ቃል ነው» አሉ። «ሽማግሌ ቦንጋ ይምጣ። አንተ ግን አትመጣም። ወንድምህን ላክ።» አቶ በላቸው ፈገግ አሉ።

ወደ ቦንጋ ስንመለስ ጋሽ አዴሎ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። «ደረቅ ሰው ነኝ፣ ፀሐይዬ» ይላሉ። «ሰው ፊት በሽተኛ አስጨነቅሁ።» ከዚያ በኋላ ጉብታው ላይ እየወጡ ይደውሉ ጀመር፤ ለማርታ ሳይሆን ለአቶ በላቸው። «አትምጣ፤ መንገዱ አይሆንህም። ማንም ይምጣ፣ እሰጣለሁ» ይሏቸዋል። ከላይ ሲጮሁ መንደሩ በሙሉ ይሰማል። ሲወርዱ፣ «ስልኩ ተቋረጠ» ይሉኛል ተናደው። ሁልጊዜ ነበር የሚቋረጠው።

በጋው ገብቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ አንድ ቀን ጠዋት ደጃችን መኪና ቆመ። አዛውንቱ ወረዱ፤ ኤርምያስ ወረደ፤ ቀጥሎ ክፍት ጫማ ያደረጉ አቶ በላቸው፣ የልጃቸውን ትከሻ ይዘው ወረዱ። ጅማ አርፈው፣ መንገድ ላይ እየተኙ ነው የመጡት። ከአጥሩ በር ውጭ፣ እንደ ደንቡ፣ ተሰልፈው ቆሙ።

ጋሽ አዴሎ ፊታቸውን ሲታጠቡ ነበር። ውሃው ከአገጫቸው እየተንጠባጠበ ወጥተው ሲያዩ ደነገጡ። ወደ ቤት ተመልሰው ገቡ። ባርኔጣ ሊያደርጉ መስሎኝ ነበር። ይዘው የወጡት የራሳቸውን ባለመደገፊያ ወንበር ነው፤ ተሸክመው ከበሩ ውጭ አቧራው ላይ አስቀመጡት።

«ተቀመጥ» አሉ።

አቶ በላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚጠይቀው። አንተ ነህ ያልከው።»

«ደጁ የማነው? ደንቡም የኔ ነው። ተቀመጥና ጠይቅ!»

አቶ በላቸው ተቀመጡ። አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ያን ምግብ ቤት ውስጥ የተቋረጠባቸውን ንግግር ሊጀምሩ ሲሉ ጋሽ አዴሎ፣ «ሰጥቻለሁ» አሏቸው።

«እንዴ! ገና አልጠየቅንም እኮ።»

«ሰጥቻለሁ አልኩ። ግቡ።»

አዛውንቱ በዚህ ነገር እስከ ሠርጉ ድረስ ተቀይመው ነበር። የተዘጋጁበትን ንግግር አንድም ሰው ሳይሰማላቸው ቀርቷልና አልፈርድባቸውም።

አቶ በላቸው እኛ ዘንድ ሰነበቱ። ሁለቱ ጓሮ ውስጥ ተቀምጠው ጨው የሌለው ጎደሬና ቆጮ እየበሉ፣ የትኛው ይበልጥ ጣዕም የለውም እያሉ ሲከራከሩ ይውሉ ነበር። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ፤ አቶ በላቸው በጋሽ አዴሎ ክንድ ተደግፈው አዳራሽ ገቡ። በቀጣዩ ክረምት አረፉ። ጋሽ አዴሎ አዲስ አበባ ሄደው ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጡ፤ ጥቁራቸውን እንደ ወንድም ለብሰው ዓመቱን ጨረሱ። ከዚያ በኋላ ግን ስለ አቶ በላቸው በተነሳ ቁጥር፣ «እኔ ነኝ ያደከምኩት፤ ያን ሁሉ መንገድ አስመጣሁት» ማለት አመጡ። እኔ ተዛውሬ ሐዋሳ ከገባሁ በኋላም፣ በስልክ ስናወራ፣ ይህችን ነገር ሳያነሷት አይዘጉም ነበር።

ለቀብራቸው ስሄድ መንገዱ አስፋልት ሆኗል። ድንኳኑ ግቢውን ሞልቶ እስከ ውጭ ደርሷል። ከዋጫ፣ ከማንኪራ፣ ከሺሺንዳ የመጣ ሰው፣ ያስተማሯቸው ልጆች፣ በአንድ ወቅት ምሳ የጋበዟቸው የመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ ነበሩ። ከሴቶቹ መካከል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የተቀመጡ አንዲት አሮጊት አየሁ። ወይዘሮ የሺ ነበሩ። በጣም አርጅተዋል። አጠገባቸው ስቀመጥ አወቁኝ፤ እጄን ያዙ።

«ያን የምሳ ቀን ጠልቼው ነበር» አሉኝ ድንኳኑን እያዩ። «አዴሎን። በሰው ፊት አሳፈረን ብዬ። ቤት ስንገባ በላቸው አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ቦንጋ እሄዳለሁ አለኝ። አብደሃል ወይ አልኩት። ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«የሺዬ፣ አለኝ፣ ከታመምኩ ጀምሮ ሁላችሁም ተኛ፣ ተቀመጥ፣ አትድከም ትሉኛላችሁ። ያ ሰው ግን ልጄን ከፈለጋችሁ ደጄ ድረስ ኑ አለ። የልጅ አባት መሆኔን ያስታወሰኝ እሱ ነው። ይህን ሳላደርግ አልሞትም፣ አለኝ። ከዚያ በኋላ አዴሎ አትምጣ ሊለው ሲደውል፣ በላቸው ስልኩን ጆሮው ላይ እየዘጋ እንደ ልጅ ይስቅ ነበር።» እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ሐኪሞቹ ለክረምቱ አይደርስም ብለውን ነበር። ሠርግም አየ፣ ክረምቱንም አገኘ። ይህን ለአዴሎ አንድ ቀን እነግረዋለሁ እያልኩ ነው የኖርኩት። እንዲያው ዛሬ ነገ ስል…»

እኔም ጋሽ አዴሎ ያን ጸጸት እስከ መጨረሻው ተሸክመውት እንደነበር ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ለእሳቸው ምን ይበጃቸዋል?

ማርታ ከድንኳኑ ማዶ፣ ከአባቷ ፎቶግራፍ ሥር፣ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች። ወይዘሮ የሺን ክንዳቸውን ይዤ አስነሳኋቸው፤ በለቀስተኛው መካከል ቀስ እያልን ወደ እሷ ሄድን፤ አጠገቧ አስቀመጥኳቸውና፣ «እትዬ፣ አሁን ያሉኝን ለእሷም ይንገሯት» አልኳቸው።